የለፌቭር ስምና የአለኸኝ ለቅሶ

ሰሊናዬ፣ ነይ እስቲ ከጎኔ ቁጭ በይ። ጫማሽን አውልቂና እግርሽን ሶፋው ላይ አድርጊው፤ የማወራሽ አጭር ነገር አይደለም። ያን ስልክ ወዲያ አስቀምጪልኝ። እንዲህ ነው፣ ጎበዝ።

ባለፈው እሁድ ከቸርች ስንመለስ መኪና ውስጥ «እማማ፣ ላስት ኔሜ ምን ማለት ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ ዘጋሁ። አያትሽም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ያልሰማንሽ መስሎሽ ደገምሽው። ሰምተንሻል የኔ ልጅ። ቤት እንደገባን አያትሽ «አንቺ ንገሪያት፤ እኔ ጀምሬ አልጨርሰውም» አለኝ። ይኸው አሁን መኝታ ቤት ጋደም ብሏል፤ በሩን ግን አልዘጋውም። እየሰማ ነው የምነግርሽ።

ትርጉሙን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለፌቭር ማለት ቀጥቃጭ ማለት ነው። ብረት በእሳት አግሎ በመዶሻ የሚቀጠቅጥ፣ ማረሻና ማጭድ፣ ቢላዋና መጥረቢያ የሚሠራ ሰው። በቃ ይኸው ነው። እዚህ አገር ስሚዝ እንደሚሉት ነው፤ ክፍልሽ ውስጥ ስሚዝ የሚባል ልጅ አይጠፋም፣ ማንም አይስቅበትም። እኛ ቤት ግን ይህ ቃል ብዙ ዘመን ታፍኖ ኖሯል፤ የተነገረ ቀንም ሁላችንም አንገታችንን ደፍተናል።

ምክንያቱን ልንገርሽ። እኔ ባደግሁበት አገርና ዘመን ቀጥቃጭ የተናቀ ነበር። ሸክላ ሠሪውም፣ ቆዳ ፋቂውም እንዲሁ። ገበሬው በቀጥቃጩ ማረሻ ያርሳል፣ በቀጥቃጩ ማጭድ ያጭዳል፣ በዓል ሲመጣ በቀጥቃጩ ቢላዋ ያርዳል። ቀጥቃጩ ራሱ ግን ቤቱ እንዲገባ አይፈልግም። ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይሉታል። ልጅ ከታመመ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ሴት ልጃቸውን አይድሩለትም፣ የእሱንም አያገቡም። ክርስቲያን ነን እያልን እንዲህ ነበርን። ስነግርሽ ፊቴ ይቃጠላል፤ ይህን ካልነገርኩሽ ግን የቀረው አይገባሽም።

አያትሽ ልሳነወርቅ የቀጥቃጭ ልጅ ነው።

አባቱ አለኸኝ ይባላል። ጎጃም ውስጥ ከአንድ ገበያ ዳር ነበር ቤቱ። አያትሽ በልጅነቱ ወናፍ ይነፋለት ነበር፤ ወናፍ ከፍየል ቆዳ የሚሠራ ነው፣ ሲጫኑት ለከሰሉ ነፋስ ይሰጠዋል። ከዚያ ሚሽን ትምህርት ቤት ገባ፣ ጎበዝ ተማሪ ወጣው፣ አዲስ አበባ ዘለቀ፣ ደርግ ሲመጣ ተሰደደና እዚህ ደረሰ። በመንገዱ ላይ፣ የት ላይ እንደሆነ እንጃ፣ አባቱን የበቅሎ ነጋዴ አደረገው። እኔንም ያገባኝ የበቅሎ ነጋዴ ልጅ ሆኖ ነው።

እኔ ግን ገና በተጋባን ዓመት አውቄያለሁ። ያኔ አዳምስ ሞርጋን የሚባል ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ኪችን ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ሊወስደኝ መጥቶ እስክጨርስ ሲጠብቀኝ፣ የዶለዶመ ቢላዋ አየና ሳህን ገልብጦ በሳህኑ ቂጥ ላይ ይስለው ጀመር። አሳሳሉ ሌላ ነው። ሳያየው ይስለዋል፤ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ድምፁን ነው የሚሰማው። ሲጨርስ በጥፍሩ ሞከረውና አስቀመጠው። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ጎጃሜ ነበረች፤ በማግስቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ይሄ ባልሽ የገበያው ቀጥቃጭ የአለኸኝ ልጅ አይደለም? እጁን አወቅሁት» አለችኝ።

«ተሳስተሻል እትዬ፣ የበቅሎ ነጋዴ ልጅ ነው» አልኳት።

ለእሱም ምንም አላልኩት። ሰው የተከናነበውን እንዴት ትገፍፊዋለሽ? ሲሞቀው ራሱ ይጥለዋል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ብረት የሚባል ነገር አልነካም። ፎቶ ለመስቀል እንኳን ሰው ይጠራል። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሚናስ፣ አንቺ ጋሽዬ የምትይው፣ «ይሄ ሰውዬ ሚስማር ሲያይ ያልበዋል እኮ» እያለ ሰው ፊት ይቀልድበት ነበር። ሰው ይስቃል። አያትሽም አብሮ ይስቃል።

ደግሞ የዚህን አገር ነገር ተመልከቺ። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስሽ ስም አለ፣ ቀጥሎ የአባትሽ። እዚህ ስንመጣ ግን የአባት ስም ላስት ኔም ሆነና አረፈው። ሐኪም ቤት «ሚስተር አለኸኝ» ብለው ይጠሩታል። መብራቱም፣ ስልኩም፣ ቤቱም በአለኸኝ። እናትሽ ስትወለድ ሮሆቦት አለኸኝ ተባለች። የደበቀውን ሰው ስም ሰው ሁሉ ቀን በቀን ይጠራዋል፤ እሱም «አቤት» ይላል።

አባቱ የሞተ ጊዜ የሆነውን ልንገርሽና ወደ አባትሽ ጉዳይ እሄዳለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት መርዶ አለ። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ይመጣል፣ ይነግርሻል፣ አብሮሽ ያለቅሳል፣ ምግብ ያመጣል፣ ቀኑን ሙሉ ሲገባና ሲወጣ ይውላል። የሚገባውም ሁሉ «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ይላል። አያትሽ የፈራው ይህንን ጥያቄ ነው። ስለዚህ የአባቱን ሞት በስልክ ሰምቶ ለማንም አልተናገረም። እኔ የልብስ ቅርጫቴን ይዤ ወደ ሕንፃው የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ወደ ላውንደሪው ስወርድ፣ ማሽኖቹ መሐል ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ማሽኖቹ ሁሉ ይሽከረከራሉ፣ ውስጣቸው ግን ልብስ የለም። ሳንቲም ከቶ ባዷቸውን አስነስቷቸዋል፤ በጩኸታቸው ውስጥ ያለቅሳል። አላየኝም። ቅርጫቴን ይዤ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ «ልብስ ልታጥቢ አልነበረም?» አለኝ።

«ማሽኑ ሁሉ ተይዞ ነበር» አልኩት።

እንግዲህ አባትሽ። ባስቲያንን እናትሽ ያገኘችው እዚህ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ በሚባለው ከተማ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ነው፤ እሱ ሒሳብ ያስተምራል። አገሩ የፈረንሳይ ሰሜን ነው፣ ሊል የሚባል ከተማ። እሷን ብሎ እዚያው አሌክሳንድሪያ ያለው የኛ ቸርች ይመጣ ነበር፤ አንድ ቃል ሳይገባው ከኋላ ተቀምጦ ይጸልያል። ወንድሞች ጉልበቱን አይተው ለቅሶ ቤት ወንበር ማጓጓዝ አስለመዱት። ሊያገባት ሲፈልግ «በእናንተ እንዴት ነው የሚጠየቀው?» አላት። ሽማግሌ መላክ አለብህ አለችው። እዚህ ዘመድ ስለሌለው የቸርቹን ሽማግሌ ጋሽ ገብረየስን ለመነ፤ እሳቸውም አንድ ሌላ ወንድም ጨምረው እሺ አሉ።

ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው ቀደም ብሎ እናትሽ ለአባቷ ኮል አደረገች። «ዳዲ፣ ብላክስሚዝ በአማርኛ ምንድን ነው የሚባለው?»

አያትሽ እንደምታውቂው የሰውን አማርኛ ሁሉ የሚያርም ነው። «አላስታውስም» አላት።

ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። «ቀጥቃጭ ነው» አልኳት፣ ለምን እንደፈለገችው እንኳን ሳልጠይቅ። ዞር ስል አያትሽ በሪሞቱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምራል። ቴሌቪዥኑ ግን አልተከፈተም ነበር።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እዚሁ ሳሎን። በደንቡ ጠያቂው ልጅ ራሱ አይመጣም፤ ሽማግሌዎቹ ናቸው የሚመጡት። ጋሽ ገብረየስ ግን «የቤልትዌይ አውራ ጎዳና ለወጣት ነው» ብለው መንዳት ከተዉ ቆይተዋል። ሌላውም ወንድም መኪናው ጋራዥ ነው። ስለዚህ ማን ይዟቸው ይምጣ? ባስቲያን ራሱ። ከታች መኪናው ውስጥ ሊጠብቃቸው።

ሽማግሌዎቹን ካስገባሁ በኋላ በመስኮት ሳይ፣ ልጁ ነዋሪዎች የሚያቆሙበት ቦታ ላይ አቁሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ያለቦታው የቆመ መኪና ጎትቶ የሚወስደው ቶው ግቢውን ይዞራል። የእንግዳ ፓርኪንግ ወረቀት ይዤ ወረድኩ። ሱፍ ለብሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፈተና እንዳለበት ተማሪ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። «ና ልጄ፣ እዚህ በብርድ አትሞትም» ብዬ ይዤው ወጣሁ። ደንብ ማፍረሴን አውቃለሁ። አሳዘነኝ።

ከእኛ ወገን ለመልስ የተቀመጠው ጋሼ ሚናስ ገና በሩን ስንከፍት አየውና፣ «ምነው፣ ሙሽራው ራሱን ሊያማልድ መጣ?» አለ። ሳቅን። ባስቲያንን በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። እናትሽ እንደ ደንቡ መኝታ ቤት ናት፣ በሩ ገርበብ ብሏል።

ጋሽ ገብረየስ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲህ ቤቶች፣ ቁሙ ካላችሁን ቆመን፣ ተቀመጡ ካላችሁን ተቀምጠን…»

«ተቀመጡ ጋሽ ገብረየስ፣ የእርስዎ ጉልበት መቆም አይወድም» አለ ጋሼ ሚናስ።

«ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው።»

«ለልጃችን? መቼ ወለዱት? ፈረንሳይ የሄዱበትን ጊዜ አላስታውስም።»

«በጌታ ወልደነዋል።»

«አሜን። በሥጋስ የማን ልጅ ነው? ዘሩስ?»

ጋሽ ገብረየስ ይህን ልጁን አልጠየቁትም ነበር። ሽምግልና ላይ ደግሞ ዘር ላይ ትንሽ ጨው መነስነስ የተለመደ ነው፤ ማስረጃ አምጡ የሚል የለም። ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም ያለው ፈረንጅ የባላባት ልጅ ሳይሆን አይቀርም ብለው ገመቱ መሰለኝ። «ለፌቭር ይባላሉ» አሉ። «በፈረንሳይ አገር በጣም የበዛ፣ የታወቀ ቤተሰብ ነው። የመኳንንት ዘር ናቸው።»

ጋሼ ሚናስ ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ ብሎታል። አያትሽም ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት።

ይሄኔ ባስቲያን እጁን አወጣ፣ እንደ ተማሪ። ከንግግሩ የገባው ስሙ ብቻ ነው። «ይቅርታ፣ እኔ ልናገር?» አለ በአማርኛ። ሁላችንም ዞርን። ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈና፣ ቀስ እያለ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ እንቁላል እያስቀመጠ፣ «የቤተሰባችን ስም ለፌቭር ነው። ትርጉሙ ቀጥቃጭ ነው። እኛ የቀጥቃጭ ልጆች ነን። በዚህ እንኮራለን» አለ።

መኪና ውስጥ ሲያጠናው የነበረው ይህንን ነው። ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ ገብረየስ የያዙትን የጭማቂ ብርጭቆ የሚያስቀምጡበት ጠፋቸው። ጋሼ ሚናስ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ፤ ልጁ እንዳይገባው ብሎ ፊቱን እያሳመረ፣ «እሰይ» አለ። «እስከዛሬ እዚህ ቤት ቡዳ ገብቶ አያውቅም ነበር፤ ይኸው ዛሬ በእንግዳ ፓርኪንግ ወረቀት ገባ።»

ከጋሽ ገብረየስ ጋር የመጣው ወንድም ሳቁ አመለጠው። ሰው ሲስቅ ያየው ባስቲያንም ጥሩ ነገር የተናገረ መስሎት አብሮ ሳቀ። ሰሊናዬ፣ እስከዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ ሳቁ ነው። እየሳቀ ወደ አያትሽ ዞረና፣ «አባባ፣ በትክክል አልኩት?» አለው።

አያትሽ ምንጣፉን እያየ ነው። «በትክክል» አለ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ።

«ልሳነወርቅ፣ አባት አንተ ነህ» አለ ጋሼ ሚናስ። «ይሄ የጨዋ ቤት ነው። ለቀጥቃጭ አንድርም በላቸው፣ ለስለስ አድርገህ። አንተ ቋንቋ ትችልበታለህ።»

መልሱ ያለው አያትሽ እጅ ነው። አልሰጥም ካለ እናትሽ ታለቅሳለች፣ ያ ልጅም በአባቶቹ ሥራ ተዋርዶ ይሄዳል። እሰጣለሁ ካለ «ለምን?» ይባላል፤ ለምንን ደግሞ ሊመልስ አይችልም።

«ለመጪው ቅዳሜ ይቀጠርላችሁ። እንማከርበት» አለ።

ቀጠሮ በደንቡ ያለ ነው፤ ባስቲያን አልከፋውም። ሁላችንንም በሁለት እጁ እየጨበጠ፣ ጎንበስ እያለ ወጣ።

እናትሽ ከመኝታ ቤት የወጣችው ሁሉም ከሄዱ በኋላ ነው። «ዳድ፣ ዋት ኢዝ ቡዳ?» አለችው። አታውቀውም ነበር፤ አልነገርናትማ። መልሱንም አልጠበቀችም። «ሲስቁበት እሱም አብሮ ሳቀ። ዩ ሳው ሂም። አንተ ግን ዝም አልክ» አለችው። ኮቷን አንስታ ወጣች።

አያትሽ እዚያች ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሰብስቤ፣ ብርጭቆውን አጥቤ፣ ሌላ የምሠራው ሳጣ መጥቼ ከአጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ልሳኑ፣ አለኸኝ ዛሬ እዚህ ቢኖሩ ኖሮ ምን ይሉ ነበር?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «መቼ አወቅሽ?»

«ሳህን ገልብጠህ ቢላዋ የሳልክ ጊዜ።»

«አዳምስ ሞርጋን?»

«አዎ። ላውንደሪም ወርጄ ነበር።»

ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ፤ ልክ እንደ ልጅ። እኔም እጄን ጀርባው ላይ አደረግሁ። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ እሱ ከእኔ ተደብቋል፣ እኔም ከእሱ።

በማግስቱ ከቸርች በኋላ «ባስቲያን ቤት ውሰጂኝ» አለኝ።

«አባት እኮ ወደ ጠያቂው ቤት አይሄድም። ሰው ቢሰማ ውርደት ነው።»

«ውርደቱንማ ትናንት ጨረስኩት» አለ።

ባስቲያን በሩን ሲከፍትልን ደነገጠ። እናትሽ የቡዳን ትርጉም ከሰው ጠይቃ ሁሉንም ነግራዋለች፤ ዓይኑ ቀልቷል። የሳቀው እሱ ስለሆነ እሱ ነው ያፈረው። «አላወቅሁም፣ ይቅርታ፣ አላወቅሁም» ይላል። ሊያስተናግደን እየተሯሯጠ ዳቦና አይብ አቀረበ። አያትሽ አልነካውም።

«ስለ ስምህ ንገረኝ፤ እንደ ትናንቱ አይደለም፣ ሁሉንም» አለው።

እንግሊዝኛውን አያትሽ እየተረጎመልኝ የሰማሁትን ልንገርሽ። ድሮ እዚያም አገር ሰው እንደኛው የራሱ ስም ብቻ ነበረው። መንደሩ እየበዛ ሲሄድ ዣን የሚባለው ሰው ብዙ ሆነ፤ የትኛው ዣን? ቀጥቃጩ ዣን። ለፌቭር ማለት «ቀጥቃጩ» ማለት ነው፤ ከላቲን የመጣ ቃል ነው አለ፣ በላቲን ፋቤር የእጅ ባለሙያ ነው። ቅጽሉ እየቆየ ለልጅም ለልጅ ልጅም ስም ሆኖ ቀረ፣ ልጁ ልብስ ሰፊ ቢሆን እንኳን። በእሱ በሰሜኑ በኩል ለፌቭር ይባላል፤ ወደ ደቡብ ፋብርና ፎር የሚሉ አሉ፤ ወደ ተራራው ፋቭር ይላሉ፤ ብሪታኒ የሚባለው አገር በራሱ ቋንቋ ለ ጎፍ ይለዋል፤ ሁሉም ያው ቀጥቃጭ ነው። ለፌቭር ብቻውን እንኳን ዛሬ በፈረንሳይ በጣም ከበዙት ሃያ የቤተሰብ ስሞች አንዱ ነው አለ።

«ለምን በዛ?» አለ አያትሽ።

«ያለ ቀጥቃጭ የሚኖር መንደር ስለሌለ» አለ ባስቲያን።

አያትሽ ወንበሩን ወደ እሱ ጠጋ አደረገ። ከዚያ «አያትህስ ምን ዓይነት ቀጥቃጭ ነበሩ?» ብሎ ጠየቀው።

ባስቲያን አፈረ። «አያቴ ፖስታ አዳይ ነበር። አባቴ ጫማ ይሸጣል። በኛ ቤት ብረት የነካ ሰው መቼ እንደነበረ የሚያውቅ የለም። እኔማ ሚስማር እንኳን…» ብሎ ግድግዳውን አሳየን። የሰቀለው ፎቶ ተንጋዷል፤ ሚስማሩ ጎብጦ ወደ ታች ያያል።

አያትሽ ተነሣ። «መዶሻ አለህ?» አለ። ባስቲያን ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠው። አያትሽ መዶሻውን መዳፉ ላይ አገላብጦ መዘነው፣ ጎባጣውን ነቅሎ መስኮቱ ደፍ ላይ አቃናውና መልሶ መታው። አመታቱን ብታይው። አንድ ትርፍ ምት የለበትም። እኔ ከተጋባን ጀምሮ መዶሻ ሲይዝ ያየሁት ያን ቀን ነው። ፎቶውን አስተካክሎ ሰቀለና ጀርባውን እንደሰጠን፣ «ስሙ ያለህ አንተ ነህ፣ ወናፉን የነፋሁት ግን እኔ ነኝ» አለው።

ሁሉንም ነገረው። ልጁ ሰምቶ ሲጨርስ ጠየቀው።

«አባትዎ ስማቸው ማን ነበር?»

«አለኸኝ።»

«የሮሆቦት ስም ነው እኮ» አለ ባስቲያን። ቆየት ብሎ፣ «ለቅሷቸው የት ነበር?» አለው። ወንበር ሲሸከም የኖረ ልጅ ነው፤ ለቅሶ እንዴት እንደሚሆን ያውቃል።

«አልነበረም» አለ አያትሽ። ሲመልስ ድምፁ ተሰበረ። እስኪረጋጋ ጠብቀን ወደ ቤት ተመለስን፤ መንገድ ላይ ሊያደርግ ያሰበውን ነገረኝ።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ለመልሱ መጡ። ጋሼ ሚናስም መጣ። ባስቲያንን ዛሬ እኛው ጠርተነዋል። እናትሽንም መኝታ ቤት አላስገባናትም። አያትሽ ጥቁር ለብሶ፣ ጋቢ ደርቦ ሳሎኑ መሐል ቆመ። ጋሽ ገብረየስ ገና «እንግዲህ…» ሲሉ እጁን አነሣ።

«መልሱን ከመስጠቴ በፊት፣ ቤቴ ሐዘን አለ» አለ። «አባቴ ሞቷል።»

ሁሉም ብድግ አሉ። «ምነው! መቼ?»

«ብዙ ዘመን ሆነው። አለኸኝ ይባላል። የበቅሎ ነጋዴ አልነበረም፤ ቀጥቃጭ ነበር። አፍሬበት አላለቀስኩለትም። ዛሬ ለቅሶዬን ድረሱልኝ።» ይህን ብሎ ተቀመጠና ጋቢውን በራሱ ላይ ሳበው።

መጀመሪያ ሲንቀሳቀስ ያየሁት ባስቲያንን ነው፤ ለቅሶ ቤት እንዳየው አድርጎ ጎንበስ ብሎ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለና እግሩ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። እናትሽ ሄዳ የአባቷን ጉልበት አቀፈች። ጋሽ ገብረየስ ከቆሙበት ሆነው፣ «እኔ ሽማግሌ ተብዬ መኳንንት አልኩ፣ ያልጠየቅሁትን» እያሉ እንባቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ያ የሳቀው ወንድም ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም።

ጋሼ ሚናስ በሩ ጋ ቆሟል፤ ኮቱን አላወለቀም። ቀጥቃጭ ቤት አልቀመጥም ብሎ ሊወጣ ይችላል። ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ ሳያጽናና የሚወጣ ሰው በኛ ዘንድ ሰው አይባልም፤ ያን ያውቃል። የኔ ወንድም ነው፤ ያደግነው አንድ ወሬ እየሰማን ነው። ቡዳ የሚለውን ቃል የተማረው እኔ ከተማርኩበት ቤት ነው። ስለዚህ የማፍረው በእሱ ብቻ አይደለም።

«ጋሼ፣ ቦታ አለ» ብዬ ወንበር ሳብኩለት።

ኮቱን አወለቀ። ከዚያ መጥቶ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ከቶ፣ ማንንም ሳያይ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለ። ቀጥሎም ለቅሶ የደረሰ ሰው የሚጠይቀውን ጠየቀ። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

አያትሽ ዕድሜውን ሁሉ የሸሸው ጥያቄ ይኸው መጣ።

ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ። አባቱ ማጭድ ሠርቶ ሲጨርስ በጥፍሩ መትቶ ድምፁን እንደሚሰማ ነገረን፤ ድምፁ ካላማረው መልሶ እሳት ውስጥ ይከተዋል። ደሃ ገበሬ ሲመጣ ማረሻውን ሠርቶ «አጭደህ ስትጨርስ ትከፍለኛለህ» ይለዋል። ሚሽን ትምህርት ቤት ሊያስገባው ሲወስደው፣ በሩ ጋ ሲደርሱ አቆመውና፣ «የማን ልጅ ነህ ቢሉህ የቀጥቃጭ ነኝ አትበል። ተማር» አለው። እሱ ራሱ ከበሩ ውጭ ቀርቶ፣ እንደማያውቀው ሰው ከርቀት አይቶት ተመለሰ።

«የጀመርኩት ታዝዤ ነው» አለ አያትሽ። «የቀጠልኩት ግን ታዝዤ አይደለም።»

ያን ቀን ሙሉ ለቅሶ ተቀመጥን። ጸለይን፣ ዘመርን፣ ምሳ ከጎረቤት መጣ። ስለ ልጅቷ ማንም አላነሣም። ሊሄዱ ሲነሡ ጋሽ ገብረየስ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «ስለዚያች ስለ መጣንባት ጉዳይ…» አሉ፣ እያፈሩ።

«ሰጥቻለሁ» አለ አያትሽ። «ቀጥቃጭ ለቀጥቃጭ ነው፤ ምን እናጣራለን?»

ጋሼ ሚናስ ይቅርታ አልጠየቀም። አፉ ለዚያ አልተሠራም። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ግን አንድ ቀን ሳይደውል መጣ፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ጠረጴዛው ላይ ሲፈታው የቤቱ ቢላዋዎች ናቸው። «ዶልዱመዋል» አለ፣ መስኮቱን እያየ። አያትሽ ሳህን ገለበጠና ሳላቸው፤ ጋሼም አጠገቡ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አየው። አሁንም ያመጣል። ሁልጊዜ መስኮቱን እያየ ነው።

አባትሽ እዚያ ስንት ለፌቭር እንዳለ ተቆጥሯል ይላል። እኛ ጋ ስንት እንደሆንን የሚያውቅ የለም። በየገበያው ዳር አንድ ቀጥቃጭ ነበረ፤ ልጆቻቸውም እንደ አያትሽ የበቅሎ ነጋዴ ልጆች ሆነው በየቦታው አሉ፤ ምናልባት እዚሁ ሕንፃ ላይም አሉ።

እንግዲህ ይኸው ነው የኔ ልጅ። መኝታ ቤት ያለው ሰውዬ ሲያስል ሰማሽው? አልተኛም። ቆይተሽ ግቢና ሳሚው፤ ምንም አትበዪው። ሰው ስምሽ ምን ማለት ነው ብሎ ከጠየቀሽ ለፌቭር ቀጥቃጭ ማለት ነው በዪ፣ ድምፅሽን ሳትቀንሺ። ከዚያ ማንም ባይጠይቅሽም፣ የእናቴ አያት አለኸኝም ቀጥቃጭ ነበር ብለሽ ጨምሪበት። እሱ ሥራው ነበረው እንጂ ሥራውን የሚናገርለት ስም አልነበረውም። አንቺ አስታውሺልኝ፣ እሺ?